አሮጌ መርቸዲስ በጎጃም መንገድ፦ በአነስተኛ ኪስ ገዝቶ ማቆየት

ደላላ አሮጌ መርቸዲስ ሲያሳይ መጀመሪያ በሩን ይከፍትና ይዘጋል። ያ ድፍን ያለ ድምፅ ብዙ ሰው አስገዝቷል። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ገደሉ ምሳሌ ብቻ አይደለም፣ ከደጀን ወጣ ሲሉ ይጀምራል። መኪናው ቢረክስም እቃው አልረከሰም። ሲወጣ የባለሀብት መኪና ስለነበረ ራዲያተሩም፣ ፍሬኑም፣ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) ዛሬም የሚጠይቁት የባለሀብት ዋጋ ነው። ኪሱ የሳሳ ሰው ሁሉንም በአንዴ ላሠራ ካለ ዓመት ሳይሞላው ይሸጠዋል። ቅደም ተከተል ይዞ የሄደ ግን ዓመታት ይነዳዋል፦ መጀመሪያ ሞተሩን የሚያበርደው፣ ቀጥሎ መኪናውን የሚያቆመው፣ ከዚያ የሚያስኬደው። ቀለምና ቆዳ መጨረሻ ላይ፤ ካልተቻለም ይቅሩ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እጅ ላይ ያለውን ማቆየት የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ለመርቸዲስ ነው፤ የማቀዝቀዣውና የፍሬኑ ክፍል ግን ለቢኤምደብሊውም ለቶዮታ ክራውንም ይሠራል።

የትኛውን?

መርቸዲስን በሻንሲ ቁጥሩ ይለዩት። ደብሊው፣ ዲ፣ ቢ ከሚሉት ፊደላት ቀጥለው የሚመጡት ሦስት አሃዞች ሞዴሉን ይናገራሉ፦ 123 (እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985)፣ 126 (ከ1979 እስከ 1991)፣ 124 (ከ1984 መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ)፣ 140 (ከ1991 እስከ 1998)፣ 220 (ከ1998 እስከ 2005)።

ለአነስተኛ ገንዘብ 123 እና 124 ይመረጣሉ። ትልቁን ካልነዳሁ ለሚል 126 ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ማለትም 300 ኤስኢ የተባለው ይሻለዋል። ሞተሩ ከ124ቱ 300ኢ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በሞተር ቁጥሩ መነሻ «103» ይባላል። ካንዴላው፣ ፊልትሮው፣ የውኃ ፓምፑ የሁለቱም ስለሆነ እቃ ፍለጋው ይቀላል። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ጥሩ ሞተር ነው፤ ነገር ግን ዘይት ሲቀየር 8 ሊትር ይጠይቃል፣ ቤንዚኑም እንደዚያው።

220 ዋጋው ያባብላል። ይህ መኪና የቆመው በብረት ሞላ ሳይሆን በአየር ነው። የአየር ከረጢቱ ሲያረጅ መኪናው ሌሊት ይተነፍስና ጠዋት አፍንጫው መሬት ሲስም ይገኛል። አራቱንም ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብ ደህና አድርጎ የተያዘ 124 ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ ኪስዎ ካልፈቀደ ይለፉት።

እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 ገደማ የተሠሩ 124ና 140 ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ ነቀርሳ አለ። ፋብሪካው በእነዚያ ዓመታት የሞተሩን ሽቦዎች የሸፈነበት ፕላስቲክ ሙቀት ሲያገኘው እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። የተራቆቱት ሽቦዎች ሲነካኩ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ውድ የሆነውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥንም ያቃጥላሉ። ኮፈኑን ከፍተው ወደ ሞተሩ ከሚገባው ወፍራም የሽቦ እሽግ ጫፍ ላይ አንዱን ሽቦ ቀስ አድርገው ያጥፉት። ከተሰነጠቀ የሽቦውን እሽግ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ፣ ካልሆነም ይተዉት። ከዚያ በፊት የተሠሩት ይህ ችግር የለባቸውም።

ሲመረምሩ

ሻጩ «ለእርስዎ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩዎ» ካለ ሌላ ቀን ጠዋት ይመለሱ። የሚመረመረው የቀዘቀዘ ሞተር ነው። እጅዎን ራዲያተሩ ላይ ያሳርፉና ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፦

ከላይ ያለውን ወፍራም ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) ይጨብጡ። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ላይ ማኒኮቶው ጠጥሮ ካገኙት የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውኃው እየገባ ነው፤ የቴስታታው (የሞተሩ አናት) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሄዷል ማለት ነው። የውኃውን ክዳን ይክፈቱ፤ ውኃው ላይ ዘይት ሰፍፎ ወይም የዛገ ጭቃ መስሎ ከታየ እንዲሁ። በሞተሩ የፊት ጥግ በኩል ከቴስታታው ሥር ዘይት ማላቡ ግን የ103 ሞተር የታወቀ ጠባይ ነው። ወደ ውኃው እስካልገባ ድረስ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መሸሻ አይደለም።

ሞተሩን ያስነሱ። ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ አውጥቶ ከጠፋ የቫልቭ ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ ቴስታታው ሳይወርድ ስለሚቀየሩ ብዙ አያስፈራም። እየነዱ፣ በተለይ ሽቅብ ሲጫኑት ሰማያዊ ጭስ ካላቋረጠ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ያ ሞተር ማውረድ ነው። ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ የካቴና (የሞተሩ ሰንሰለት) ድምፅም ያዳምጡ።

የዘይት ግፊት መለኪያው ከ0 እስከ 3 ነው። ሞተሩ ሞቆ በቆመበት ሲሠራ ከ0.3 በታች መውረድ የለበትም፤ ነዳጅ ሲሰጡት ወዲያው ወደ 3 መዝለል አለበት። እየተጎተተ የሚወጣ መርፌ ካዩ ድርድሩን ያቁሙ። መርፌው ምንም ሳይንቀሳቀስ አንድ ቦታ ላይ ከቆመም ሴንሰሩ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱን በተመለከተ አጭር ነው፦ ኮፈኑ ሥር የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ከኤምባሲ ወይም ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ ቀረጡ የተከፈለበትን ማስረጃ ይጠይቁ፤ እዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ።

መጀመሪያ ውኃው

አሮጌ ትልቅ መኪና ጎጃም ውስጥ የሚሞተው በሙቀት ነው፤ ምክንያቱም ከፍታው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክዳን የሌለው ውኃ እዚያ በ94 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ላይ በ92። የ103 ሞተር ቴርሞስታት (ውኃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) መከፈት የሚጀምረው በ87 ነው። ይህን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ ውኃው ከ120 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ግን ምንም ያልታመመ ሞተር ደብረ ማርቆስ ላይ ይፈላል። ባለቤቱም ራዲያተር ይቀይራል፣ ፓምፕ ይቀይራል፣ ቴስታታ ያወርዳል። ሁሉም ነገር ሳይነካ መጀመሪያ ክዳኑን ይቀይሩ። ክዳኑ ላይ የተመታውን ቁጥር ይመልከቱ፤ 140 የሚለው 1.4 ባር ማለት ነው። 140 ለሚፈልግ መኪና 100 የተጻፈበትን የሚሸጥልዎ አይጠፋም።

ከዚያ እጥበቱ። ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ የተሞላ ሞተር ውስጡ ዝገትና ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ለ300ኢ 8.5 ሊትር ገደማ ይገባል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ሙቅ ላይ ያድርጉ፤ ካልሆነ በማሞቂያው ውስጥ ያለው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል።

2. ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻና በሞተሩ ጎን ያለውን ብሎን ሁለቱንም ይክፈቱ። ብዙ ጋራዥ የራዲያተሩን ብቻ ከፍቶ ያፈስሳል፤ የቀረው ዝቃጭ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል።

3. 850 ግራም ሲትሪክ አሲድ ዱቄት (የሎሚ ጨው የሚባለውን) በሙቅ ውኃ አሟሙተው ያስገቡና በውኃ ይሙሉት። 10 በመቶ መሆኑ ነው። ሞተሩን አስነስተው 80 ዲግሪ ሲደርስ 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት።

4. ከ50 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ያፍስሱ። ከዚያ በንጹህ ውኃ እየሞሉ፣ እያስነሱ፣ እያፈሰሱ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይደጋግሙ። ሦስት ጊዜ ትንሹ ነው። አሲድ ውስጥ ከቀረ አሉሚኒየሙን ቴስታታ ይበላል።

5. ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውኃ ቀላቅለው ይሙሉ፤ ለ300ኢ 4 ሊትር ተኩል ኩላንት ይበቃል። እንጅባራና ጮቄ ግርጌ በታኅሣሥ ውርጭ ቢኖርም ኩላንት ዋናው ጥቅሙ ዝገት መከልከሉ ነው። ሱቅ ውስጥ «የባትሪ ውኃ» ብለው ሲጠይቁ ይጠንቀቁ፤ በዚህ ስም አሲዱንም የተጣራውን ውኃም ይሸጣሉ፤ የሚፈልጉት የተጣራውን ነው። ካላገኙ በክረምት በንጹህ ፕላስቲክ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከጉድጓድ ውኃ ይሻላል፤ ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ ግን አይሁን።

6. ክዳኑን ሳይዘጉ፣ ማሞቂያው ሙቅ ላይ እንዳለ ሞተሩን ያስነሱ፤ አረፋው እስኪያልቅ እየጨመሩ ይቆዩ። ከዚያ ይዝጉት።

ቴርሞስታቱን በድስት የሚፈትን ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የ87 ዲግሪ ቴርሞስታት መከፈት ሲጀምር 87፣ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው ግን 102 ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ድስቱ ከ92 አያልፍም። ስለዚህ በጥቂቱ ብቻ ከተከፈተ ጤነኛ ነው፤ «አይከፍትም» ብለው ደህናውን እንዳይጥሉት።

ከሁሉ የከፋው መድኃኒት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚያስገባውን ሲከፍት ወደ ሞተር የሚመልሰውን ይዘጋል። ሲወጣ ሁለቱም በር ክፍት ይቀራል፤ የሞቀው ውኃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚን ይበላል፤ አቀበት ላይ ደግሞ ይባስ ይሞቃል።

ፋኑን በተመለከተ፦ በቺንጊያ (በጎማ ቀበቶ) የሚዞረው ፋን መሃሉ ላይ የሲሊኮን ዘይት ያለበት ክላች አለው፤ ሲሞቅ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ነዳጅ ሲሰጡት የአውሎ ነፋስ ድምፅ ካላሰማ ክላቹ ሞቷል። በብሎን አስሮ ሁልጊዜ እንዲዞር የሚያደርግ ባለሙያ ያጋጥማል። ለጊዜው ያዋጣል፤ ውሎ አድሮ ግን ፋኑ የሚዞርበትን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይበላል። ከፊት ያሉት የኤሌክትሪክ ፋኖች 105 ዲግሪ ገደማ ላይ ይነሳሉ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለው ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ያገናኙ፤ ካልዞሩ ችግሩ ቫልቮላው (ፊውዙ)፣ ሪሌው ወይም ራሱ ፋኑ ላይ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የራዲያተሩ የላይኛው አፍ ፕላስቲክ ነው። በዕድሜ ብዛት ይሰባበርና ማኒኮቶውን ይዞ ይወጣል። ማኒኮቶውን አውልቀው አፉን በጣት ጥፍር ይጫኑት፤ ፍርፋሪ ከወጣው ጊዜው አልቋል። አዲስ ሲገዙ ውስጡ የብረት ቀለበት የገባበትን ይምረጡ፤ ፋሸታውንም (የማኒኮቶውን ማሰሪያ ቀለበት) ከልክ በላይ አያጥብቁ።

ፍሬኑ

ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የአባይ ሸለቆ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያን ያህል ይወጣል። ከአንድ ቶን ተኩል የሚበልጥ መኪና ያን ሁሉ ሲወርድ ሙቀቱ የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ውኃ ከአየር ይስባል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት የጠገበው በ155 ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። አባይ ግማሽ ላይ «ፍሬን አልይዝ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት። መኪናውን ሲገዙ ግን መቼ እንደተቀየረ ሳይጠይቁ ወዲያው ይቀይሩ። አንድ ሊትር ዶት 4 ይበቃል። አየር የሚወጣበት ቅደም ተከተል ከሩቁ ወደ ቅርቡ ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ፔዳሉን የሚረግጠው ሰው እስከ ወለሉ እንዳይረግጥ ከሥሩ የእንጨት ቁራጭ ያስገቡ። ለምን ቢሉ፣ በአሮጌ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ በሚገፋው ዋና የፍሬን ፓምፕ) ውስጥ ፒስተኑ በዘወትር አነዳድ የማይደርስበት ክፍል ይዝጋል። እስከ ታች ሲረገጥ የፒስተኑ ጎማ በዝገቱ ላይ ይላጭና ሲገባ ደህና የነበረ መኪና ፍሬን የሌለው ሆኖ ከጋራዥ ይወጣል።

ቀጥሎ የጎማ ቱቦዎቹ። ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፤ ዘይቱን ያስገባሉ፣ መመለሱን ግን ይከለክላሉ። ምልክቱ ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ለይቶ መጋሉ ነው። አራቱንም አብረው ይቀይሩ። የፓዱ ሸራ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከተማ ውስጥ ይነዳ ይሆናል፤ ለአባይ ግን አይነሱበት። ዲስኩ ምን ያህል ሊሳሳ እንደሚችል ጫፉ ላይ ተመትቶበታል። ከዚያ በታች የወረደን ዲስክ ቶርኖ ቤት ማስላጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲወርዱ የካምቢዮውን ዘንግ ከ«ዲ» ወደ 3፣ ጠመዝማዛው ሲጠና ወደ 2 ያውርዱት። ፍሬኑን ሳያቋርጡ ነካ አድርጎ መያዝ ያግላል፤ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ይልቀቁ። ሽቅብ ሲወጡ የሙቀት መርፌው 100 ቢደርስ አይደንግጡ። 110ን ሲያልፍ ኤርኮንዲሽነሩን ያጥፉ፣ መስኮት ከፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ሙቀት ለተሳፋሪው ቅጣት ቢሆንም ለሞተሩ ሁለተኛ ራዲያተር ነው። ከባሰ ጥግ ይያዙ፤ ሞተሩን ግን ወዲያው አያጥፉ። ውኃው እስካልፈሰሰ ድረስ በ1,500 ዙር ገደማ እየሠራ ይቀዝቅዝ። ቢጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ሙቀቱ ቴስታታው ላይ ይከማቻል።

ካምቢዮ

የእነዚህ መኪኖች ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ በ«ዲ» ሲነሳ የሚነሳው በሁለተኛ ማርሽ ነው። በዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አዲስ ባለቤት «ካምቢዮው ደክሟል» ብሎ ሊያስፈታው ይሮጣል። አልደከመም። ነዳጁን እስከ ታች ይርገጡ፣ ወይም ዘንጉን 2 ላይ አድርገው ይነሱ፤ አንደኛ ይገባልዎታል።

ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘንጉ «ፒ» ላይ ሆኖ፣ ካምቢዮው 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ማለትም 20 ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ። ቀዝቃዛ ሳለ ከታችኛው ምልክት በታች መታየቱ ያለ ነው፤ ያኔ የሞላ ሰው አትረፍርፎ ሞልቷል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው 0.3 ሊትር ብቻ ነው። መለኪያውን ብጥቅጣቂ በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ፤ የጨርቅ ክር ካምቢዮ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ ይደፍናል።

በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራል። ከሥር ያለውን ሳህን ብቻ ካፈሰሱ ግማሹ ኮንቨርተሩ (በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ክብ እቃ) ውስጥ ይቀራል። ኮንቨርተሩም የራሱ ማፍሰሻ አለው፤ ሞተሩን ከፊት በ27 ቁልፍ እያዞሩ በታችኛው መስኮት እስኪታይ ይጠብቁ። ሁለቱም በ5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ይፈታሉ። የሳህኑ ብሎኖች 8 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚጠብቁት፤ በጉልበት የጠበቀ ያፈስሳል። ዴክስሮን 3 የተባለውን የካምቢዮ ዘይት መጀመሪያ 4 ሊትር ይጨምሩ፣ ያስነሱ፣ የቀረውን እየለኩ ይጨምሩ፤ 6 ሊትር ገደማ ይሄዳል።

ማርሽ ሲቀይር እንደ ርግጫ የሚመታ ከሆነ ካምቢዮ ከማስፈታትዎ በፊት ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ይፈትሹ። መጋጠሚያው ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ ከተሰነጠቀች ካምቢዮው ሁልጊዜ ነዳጅ የተረገጠ ይመስለዋል፤ በኃይል ይቀይራል። የሳንቲም እቃ ናት። በናፍጣው መርቸዲስ ላይ ይኸው ቫኪዩም ሞተሩን ያጠፋል። ቁልፉን አውጥተው ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ የቫኪዩም ቱቦ ተነፍሷል፤ ብዙ ጊዜ የበር መቆለፊያው ጋ ነው።

ዘይትና ነዳጅ

ለ103 ሞተር 6 ሊትር ዘይት ከነፊልትሮው በየ7,500 ኪሎ ሜትሩ። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ለደከመ ሞተር 20-50 ይሄዳል። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነውና 15-40 ቶሎ ይዳረሳል። ውድ ሲንቴቲክ ገዝተው በሚያፈስስ ሞተር ውስጥ አይጨምሩ።

ነዳጅ ሲጠፋ ከጄሪካን መግዛት የማይቀር ይሆናል። የእነዚህ ቤንዚን መኪኖች የነዳጅ ሥርዓት ከ5 ባር በላይ ግፊት ይዞ በጣም ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ስለሚያልፍ ውኃና ዝገት አይምርም። ትንሽ በጠርሙስ ቀድተው ይዩት፤ ውኃ ካለ ከሥር ይለያል። ጄሪካኑን ሌሊት አሳድረው ሳያናውጡ ይቅዱ፤ የመጨረሻውን አንድ ሊትር ይተዉት። የነዳጅ ፊልትሮውና ፓምፑ ከኋላ በቀኝ በኩል ከሥር ናቸው፤ ግፊቱ ሳይለቀቅና ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይፍቱ።

እግሩ

የኮብልስቶን መንገድና የኮረኮንች መንገድ ቴስቲና (የእግሩን ባለ ኳስ መጋጠሚያ) እና ጎሚኒ (የመጋጠሚያውን ጎማ) ይበላል። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙ፤ ካሸገ የታችኛው ቴስቲና ወይም ኩሽኔታው ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘው ካሸገ የመሪው። የታችኛው ቴስቲና ካለቀ አይቆጥቡ፤ ሲወጣ ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የ124 የኋላ እግር በየጎኑ አምስት ዘንግ አለው፤ አሥሩንም በአንዴ መቀየር ግድ አይደለም፣ ጎሚኒያቸው የተቀደደውን ብቻ ይቀይሩ። የፊት ሞላ ማውጣትን ግን መሣሪያው ላለው ጋራዥ ይተዉ። 124 ላይ ሞላው የሚጨመቀው ከውስጥ በሚገባ ልዩ መሣሪያ ነው፤ ከውጭ በሚይዘው ተራ መጭመቂያ የሚሞክር ሰው ሕይወቱን ይዞ ይጫወታል።

ጥቃቅኗ ኤሌክትሪክ

የ124 ሞተር በቆመበት ሲንቀጠቀጥና የኤቢኤስ (ፍሬን ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት ሲበራ ሁለቱ በአንድ ላይ ከመጡ ከባትሪው ጀርባ ያለውን የቮልቴጅ መከላከያ ሪሌ ይንቀሉ። አናቱ ላይ ያለው ቫልቮላ ደህና ከሆነ ሳጥኑን ይክፈቱት፤ ብየዳው ተሰንጥቆ ያገኙታል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ያድሰዋል። ቫልቮላዎቹን ደግሞ በዓመት አንዴ በጣት ያሽከርክሯቸው፤ አሉሚኒየሞቹ ሻግተው ግንኙነት ያጣሉ። ከመስተዋቱ ሥር ያለውን የውኃ መውረጃ ሰኔ ሳይገባ ያጽዱ። ባሕር ዳር ጥላ ፈልገው ዛፍ ሥር የሚያቆሙት መኪና ቅጠል ይደፍነዋል፤ ከዚያ ውኃው ማሞቂያው ፋን ላይ ይወርዳል።

እቃ ሲገዙ

ፊልትሮ፣ ዘይት፣ ፓድ ባሕር ዳር ይገኛል። የቀረው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራና መርካቶ ነው። የመርቸዲስ እቃ ቁጥር ከኤ ፊደል ቀጥሎ አሥር አሃዝ ያለው ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል ወይም ሞተር እንደተሠራ ይናገራሉ፦ 124 ብሎ የሚጀምር የመኪናው፣ 103 ብሎ የሚጀምር የሞተሩ ነው። የአሮጌውን እቃ ቁጥር በፎቶ፣ የሻንሲ ቁጥሩን በጽሑፍ አድርገው ይላኩ፤ «የ124 የውኃ ፓምፕ» ብሎ ብቻ መላክ ለአውቶቡስ ጭነት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ቦሽ፣ ሳክስ፣ ሌምፎርደር፣ ቤር ለፋብሪካው ራሱ የሚያቀርቡ ናቸው፤ ኮከቡ ተፍቆ የሚሸጥ እቃ ብዙ ጊዜ ያው የፋብሪካው ነው፣ በዋጋ ግን ይቀንሳል። ካርቶኑን አይመኑ፤ እቃው ላይ የተመታውን ያንብቡ። ከሌላ መኪና የተፈታ በር፣ መብራት፣ የመስኮት ሞተር፣ ዲፍሬንሻል መግዛት ያዋጣል። የተፈታ ራዲያተር፣ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ቴስቲና ግን የሌላ ሰው ችግር መግዛት ነው።

አንድ ከተማ ውስጥ ሦስት አራት 124 ካላችሁ እቁብ ግቡ። በወር የሚደርሰው ሰው እቃውን ያመጣል፤ የሞላ መጭመቂያውንና የግፊት መለኪያውን ደግሞ በጋራ ግዙ።

አባይ ከመውረድዎ በፊት ከኋላ የእቃ መጫኛው ውስጥ ይኑር የሚባለው 10 ሊትር ውኃ፣ ቺንጊያ፣ የላይኛው ማኒኮቶ፣ ሁለት ፋሸታ፣ ቫልቮላዎች፣ ግማሽ ሊትር የፍሬን ዘይትና አንድ ሊትር የሞተር ዘይት ነው። ትርፍ ጎማውንም ይዩት። መኪናው የሚሄደው በአሉሚኒየም ቸርኬ ከሆነና ትርፉ የብረት ከሆነ ብሎናቸው አንድ አይደለም። የአሉሚኒየሙ ረጅም ብሎን ብረቱ ቸርኬ ላይ ሲገባ አልፎ የእጅ ፍሬኑን ሸራ ይነካል፤ ጎማው አይዞርም፣ ወይም ሲዞር ውስጡን ይሰብራል። አምስቱን አጫጭር ብሎኖች ከክሪኩ ጋር በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ የሁለቱም ማጥበቂያ 17 ቁልፍ ነው፣ 110 ኒውተን ሜትር።